የታወቀ ስሌት፣ አዲስ ቋንቋ፦ ፕሮግራሚንግን በባሕረ ሐሳብ መማር

አዲስ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በደንብ የሚለመደው ተማሪው ጠንቅቆ የሚያውቀውን ሥራ በዚያ ቋንቋ ሲሠራበት ነው። ሥራውም ቋንቋውም አዲስ ከሆኑ፣ ፕሮግራሙ አልሄድ ሲል ስሕተቱ ከአስተሳሰቡ ይሁን ከአጻጻፉ መለየት ያስቸግራል። ሥራው የታወቀና ትክክለኛ መልሱም በእጅ ያለ ሲሆን ግን አዲስ የሚሆነው ቋንቋው ብቻ ነው፤ የተማሪው ሐሳብም እሱ ላይ ያርፋል።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ እንዲህ ያለ ሥራ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ስሙን ለሰፈሩ የሰጠው የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን በዓሉን ያከብራል። የግንቦት ልደታ በየትኛው ዕለት እንደሚውልና በፈረንጆች አቆጣጠር ስንት ቀን እንደሚሆን የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ፣ የአንድን ቋንቋ መሠረታዊ ክፍሎች ከሞላ ጎደል ያዳርሳል። ቀመሩ ከአባቶች በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ የተወረሰ ነው፤ መልሱ ደግሞ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ይረጋገጣል።

ቋንቋን በሥራው መምረጥ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በሲ ፕላስ ፕላስ ይጀምርና ወደ ጃቫ ይሻገራል። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ደግሞ የፕሮግራሚንግ መሠረቶችን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራንና ዳታ ሳይንስን በኦንላይን ያስተምራል። በየትኛውም በር የገባ ሰው ሥራ ላይ ሲሰማራ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ቋንቋ መማሩ አይቀርም።

ምርጫው ከሥራው ይነሣል። በብራውዘር ውስጥ ለሚሠራ ድረ ገጽ ጃቫስክሪፕት የግድ ነው። ዳታ ለመተንተንና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ፓይተን ይቀድማል። ለአንድሮይድ ስልክ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 በይፋ የተቀበለው ኮትሊን አለ። ለሰርቨር ሥራ ጃቫና ጎ፣ ለሃርድዌር ለሚቀርብ ሥራ ደግሞ ሲና ራስት በሰፊው ያገለግላሉ። ሥራውን ሳይለዩ በየወሩ ቋንቋ መቀያየር በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ብክነት ነው፤ እያንዳንዱ ቋንቋ ፍሬ የሚሰጠው የመጀመሪያዎቹ አሰልቺ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነውና።

የቀድሞው ዕውቀት ይረዳል፣ ያሳስታልም

አንድ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሌላውን ሲጀምር ከባዶ አይነሣም። ቫሪያብል፣ ኮንዲሽን፣ ሉፕ፣ ፋንክሽን የሚባሉት ጽንሰ ሐሳቦች በሁሉም ዘንድ አሉ። ይሁን እንጂ ይኸው ዕውቀት ወጥመድም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የቀረበ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ስለ 18 ቋንቋዎች በኢንተርኔት የተጠየቁ 450 ጥያቄዎችን መርምሮ፣ ከቀድሞ ቋንቋ በመጣ የተሳሳተ ግምት የተነሡ 276 ችግሮችን አግኝቷል። ተመራማሪዎቹ ያነጋገሯቸው 16 ባለሙያዎችም አዲሱን ቋንቋ የሚማሩት በሚያውቁት እያነጻጸሩ እንደሆነና ይኸው ንጽጽር አንዳንዴ መንገድ እንደሚያስታቸው ተናግረዋል።

ምሳሌው ቅርብ ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ አንድን ቬክተር ለሌላ ስም ሲሰጡት ይዘቱ ይገለበጣል፤ አንዱን ቢለውጡ ሌላው አይነካም። በፓይተን አንድን ዝርዝር ለሁለተኛ ስም ቢሰጡት ግን ሁለቱም ስሞች የሚጠሩት ያንኑ አንድ ዝርዝር ነው፤ በአንዱ ስም የተደረገ ለውጥ በሌላውም ይታያል። ኮምፒውተሩ ምንም ኢረር አያወጣም፤ ውጤቱ ብቻ ይዛባል። እንዲህ ያለው ዝም ያለ ልዩነት ከኮማና ከቅንፍ ስሕተት ይልቅ ብዙ ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ጠቃሚው ልማድ ደብተር ይዞ «በቀድሞው እንዲህ ነበር፣ በአዲሱ እንዲህ ነው» የሚል ሁለት ዓምድ መሙላት ነው።

ስሌቱ ራሱ

የባሕረ ሐሳቡ የመጀመሪያ ደረጃዎች አራት ናቸው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ሲካፈል ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግራል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ ነው። የማካፈሉ ድርሻ መጠነ ራብዒት ይባላል። ዓመተ ዓለምና መጠነ ራብዒት ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ ደግሞ ቀሪው መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ያሳያል፤ 0 ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ እስከ 6 እሑድ ይሄዳል።

ለ2018 ዓ.ም. ሲሠራ 5500 እና 2018 ድምሩ 7518 ነው። ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2 ስለሆነ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ድምሩ 9397፣ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው፤ የ2018 እንቁጣጣሽ የዋለውም ሐሙስ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 1 ስምንት ሙሉ ወራት፣ ማለትም 240 ቀናት አሉ። 240 ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2 ስለሚሆን፣ የግንቦት ልደታ ሁልጊዜ ከእንቁጣጣሹ ዕለት በሁለት ቀን ይርቃል። ሐሙስ ላይ ሁለት ሲጨመር ቅዳሜ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ከ20 መስመር ባነሰ ኮድ ይጻፋል፤ ተማሪው ግን በመንገዱ ላይ ብዙ ይነካል። ዓመቱን ከተጠቃሚ መቀበል የጽሑፍንና የቁጥርን ልዩነት ያስተምራል። ወንጌላዊውን መለየት ኮንዲሽንን፣ የዕለታቱን ስም ማስቀመጥ ዝርዝርን፣ ስሌቱን በስም ማቀፍ ፋንክሽንን፣ የ20 ዓመት ሠንጠረዥ ማውጣት ሉፕን ያስተምራል። ውጤቱን በፋይል ማስቀመጥና ከተጠቃሚው ቁጥር ሳይሆን ቃል ሲመጣ ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ ማድረግ ደግሞ ሥራውን ይሞላዋል።

አንዱ ቀመር በልዩ ልዩ ቋንቋ

ያው ቀመር ቋንቋ ሲቀየር የቋንቋዎቹን ጠባይ ያወጣል። በፓይተን 7518ን በአንድ የማካፈያ ምልክት ለ4 ማካፈል 1879.5 ይሰጣል፤ ሙሉውን ድርሻ ለማግኘት ምልክቱን ደግሞ // ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። በሲ፣ በጃቫና በጎ ሁለቱም ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑ ያው አንዱ ምልክት 1879 ይመልሳል። ጃቫስክሪፕት 1879.5 ስለሚሰጥ ክፍልፋዩን የሚጥል ፋንክሽን መጥራት ግድ ይሆናል። ከጃቫ ወደ ጃቫስክሪፕት የተሻገረ ተማሪ ይህን ካላስተዋለ፣ የመስከረም 1 ዕለት በቅጡ አይወጣለትም።

ሁለተኛው ልዩነት የቀሪ ስሌት ላይ ነው። ዛሬ ሰኞ፣ ማለትም 0፣ ከሆነ የትናንቱን ዕለት ለማግኘት አንድ ቀንሶ ለ7 ያለውን ቀሪ መፈለግ ይቻላል። ፓይተን ከ-1 ላይ 6 ያወጣል፤ እሑድ ማለት ነው፣ ልክ ነው። ሲ፣ ጃቫ፣ ጎና ጃቫስክሪፕት ግን ‑1 ይመልሳሉ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ‑1ኛ ዕለት ስለሌለ ፕሮግራሙ ይሳሳታል ወይም ይወድቃል። በእነዚህ ቋንቋዎች መፍትሔው አስቀድሞ 7 መጨመር ነው።

ሦስተኛው የዝርዝር አቆጣጠር ነው። አብዛኞቹ ቋንቋዎች የዝርዝርን የመጀመሪያ አባል 0 ብለው ይጠራሉ፤ የባሕረ ሐሳቡ ቀሪም ከ0 ስለሚጀምር «ሰኞ» በቀጥታ ቦታዋ ላይ ትገኛለች። በስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዘንድ በተለመደው አር ግን ዝርዝር ከ1 ስለሚጀምር ቀሪው ላይ 1 መጨመር ያስፈልጋል።

መልስን በታወቀ ቀን መፈተን

ፕሮግራም ተጽፎ መሄዱ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ቀጣዩ እርምጃ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆች ቀን የሚለውጥ ፋንክሽን መጨመርና በታወቁ ቀናት መፈተን ነው። መስከረም 1 በእኛ ዘመን ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን አድርጎ ሲያልፍ ግን የሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። ግንቦት 1 ግን አይነቃነቅም፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ልዩነቱን ስለሚያስተካክለው በእኛ ዘመን ሁልጊዜ ሜይ 9 ላይ ይውላል። እንቁጣጣሹን ሲያዛውር ልደታን ሜይ 9 ላይ የሚያጸና ፕሮግራም የመጀመሪያውን ፈተና አልፏል።

ጠንካራው ፈተና ዐድዋ ነው። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ግን ማርች 2 ነው። ምክንያቱም 1900 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለ4 ቢካፈልም ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፤ መቶኛ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ቀን አይጨምርምና። በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲህ ያለ ደንብ ስለሌለ ሁለቱ በአንድ ቀን ተራራቁ። በዚሁ ምክንያት 2100 ሲደርስ ልዩነቱ ዳግም ይሰፋል፤ ግንቦት 1 ቀን 2092 ዓ.ም. ሜይ 10 ቀን 2100 ይውላል። የዛሬውን ብቻ አይቶ የተጻፈ ፕሮግራም የዐድዋንም የ2092ንም ቀን አያገኝም።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ወደ ኮድ አስገብቶ በአንድ ትእዛዝ ማስኬድ ቴስት መጻፍ ይባላል። የአዲሱን ቋንቋ የቴስት መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የለመደ ሰው፣ ኮዱን ሲለዋውጥ የሠራው ነገር እንዳልተበላሸ ወዲያው ያያል፤ ፍርሃቱም ይቀንሳል።

ፊደሉ በኮምፒውተር ውስጥ

የበዓላቱ ስም በአማርኛ ሲጻፍ ቋንቋው ጽሑፍን እንዴት እንደሚይዝ ይገለጣል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 አሠራር እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ልደታ» የሚለው ቃል ርዝመት ሲጠየቅ ፓይተን፣ ጃቫና ጃቫስክሪፕት 3 ይላሉ፤ ጎና ራስት ግን የሚቆጥሩት ባይት ስለሆነ 9 ይመልሳሉ። በነዚህ በሁለቱ ፊደል ለመቁጠር ሌላ ትእዛዝ አለ። የበዓላት ሠንጠረዥ ዓምዶች ተዛንፈው ሲታዩ አንዱ ሊፈተሽ የሚገባው ነገር ይህ ነው።

የግዕዝ ቁጥርም የራሱ ትምህርት አለው። ፓይተን ፩ን አሃዝ መሆኑን ሲጠየቅ አዎ ይላል፤ ወደ ሙሉ ቁጥር ለውጥ ሲባል ግን ኢረር ያወጣል። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የሌለውና በአሥር ቤት አቀማመጥ የማይጻፍ ስለሆነ፣ ለውጡን ተማሪው ራሱ በኮድ መጻፍ አለበት፤ ይህም ለመካከለኛ ደረጃ ጥሩ መልመጃ ነው። ፓይተን፣ ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕትና ጎ የቫሪያብል ስም በአማርኛ እንዲሰጥ ይፈቅዳሉ። «ወንጌላዊ» የተባለ ቫሪያብል ሐሳቡን ለጀማሪ ግልጽ ያደርግለታል፤ ከሌሎች ጋር በሚሠራ ሥራ ግን የቡድኑን ልማድ መከተል ይገባል።

ሳያዩ መጻፍ

ቪዲዮ መመልከትና መጽሐፍ ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ዕውቀቱ ግን ብዙ አይቆይም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ከሁለት ቀንና ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ካነበቡ በኋላ ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት ነበሩ።

በፕሮግራሚንግ ይህ ግልጽ ሥርዓት ይሆናል። ምሳሌው ይነበባል፤ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ይገመታል፤ ከዚያ ምሳሌው ይዘጋና ኮዱ ከራስ ይጻፋል። የተረሳው ሲገኝ ተከፍቶ ይታያል፣ እንደገናም ይዘጋል። ኮፒ አድርጎ መለጠፍ እጅን ሥራ ፈት ያደርጋል። ያው ፋንክሽን በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ ከባዶ ሲጻፍ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ከመጻፍ ይልቅ ይጸናል። በቀን አንድ ሰዓት ለሳምንት መሥራት፣ እሑድን ሙሉ ቀን ከመቀመጥ የሚሻለውም በዚህ ነው።

መድገም ብቻውን ግን አይበቃም። የቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ከመስማት አልፎ በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማልም። ኮድ የሚማርም በየዕለቱ በትንሹ አንድ ነገር ለውጦ አዲስ ማድረግ አለበት፤ ዛሬ የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ነገ የግንቦት ልደታ፣ ከነገ ወዲያ የአንድ ሰው የልደት ቀን። እርማቱም ከሰው ሲመጣ ይበረታል። ኮዱ ቢሠራም የዚያ ቋንቋ ሰዎች በማይጽፉት መንገድ ለጻፈ ተማሪ ይህን የሚነግረው ልምድ ያለው አንባቢ እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም። ጊትሀብ ላይ የታወቁ ፕሮጀክቶችን ኮድ ማንበብም ይህን የአጻጻፍ ልማድ ያስተምራል።

ኢረርና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ጀማሪ ቀዩን የኢረር መልእክት እንዳየ ገጹን ይዘጋል፤ መልእክቱ ግን ብዙውን ጊዜ ፋይሉን፣ የመስመሩን ቁጥርና የችግሩን ዓይነት ይናገራል። ጥሩ መልመጃ ሆን ብሎ ማበላሸት ነው፤ ቅንፍ መተው፣ ቁጥር በሚፈለግበት ቦታ ቃል መስጠት፣ ከዝርዝሩ ያለፈ ቦታ መጥራት። መልእክቶቹን አስቀድሞ የተዋወቃቸው ሰው በሥራ ሰዓት ሲያገኛቸው አይደነግጥም።

ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ለተማሪ የሚጠቅሙት በአጠቃቀማቸው ልክ ነው። ኢረርን ማስረዳት፣ ሁለት ቋንቋዎችን ማነጻጸር፣ የተጻፈን ኮድ መተቸት የሚያግዙ ጥያቄዎች ናቸው። መልመጃውን ሙሉ በሙሉ ጻፍልኝ ማለት ግን መማሪያውን ሥራ አሳልፎ መስጠት ነው። መሣሪያው የሰጠው የቀን መለወጫ ኮድ በዐድዋ ቀንና በ2092 ዓ.ም. ልደታ ተፈትኖ መታየት አለበት፤ አጻጻፉ ማማሩ ለትክክለኛነቱ ማስረጃ አይሆንም።

መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ

ትምህርቱ በኢንተርኔት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል። የፓይተን ሙሉ ዶክመንቴሽን ወደ ኮምፒውተር ይወርዳል፤ ራስት ሲጫን የመማሪያ መጽሐፉ አብሮ ይመጣል፤ የጎ መለማመጃ ጉብኝትም በራስ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ላፕቶፕ የሌለው ሰው በአንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይተን ማስኬድ ይችላል፤ ለባሕረ ሐሳቡ ስሌት ስልኩ ይበቃል። መብራት በሌለበት ሰዓት ደግሞ ኮዱን በወረቀት ጽፎ፣ የቫሪያብሎቹን ዋጋ መስመር በመስመር በእጅ መከታተል ፕሮግራሙ የሚሄድበትን መንገድ በአእምሮ ያጸናል።

ከመልመጃ ወደ ሥራ

የቀኑ ስሌት ሲያልቅ ሁለተኛው ሥራ ሰፋ ማለት አለበት። የዕቁብ መዝገብ የአባላት ስም፣ መዋጮ፣ የዕጣ ተራና ያልከፈሉትን መለየት ስላለው የፋይልና የዳታቤዝ ሥራን ያስተምራል። በዚያ ላይ ስሙ በ«ጸሐይ» እና በ«ፀሐይ» የተጻፈ አባል ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ስለሚሆን፣ ሞክሼ ፊደላትን አቻ የማድረግ ሥራ ይመጣል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ጥሩ መልመጃ ነው። የምሥራቅ–ምዕራቡና የሰሜን–ደቡቡ መስመሮች ከልደታ እስከ መስቀል አደባባይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላው የሚወስደውን አጭር መንገድ የሚፈልግ ፕሮግራም ተማሪውን ከግራፍ ስሌት ጋር ያስተዋውቀዋል።

ቋንቋው ተለመደ የሚባለው ሁሉም ትእዛዝ በቃል ሲያዝ አይደለም፤ ልምድ ያላቸውም ዶክመንቴሽን ያያሉ። ተማሪው መካከለኛ ፕሮግራም ከባዶ ጀምሮ መጨረስ፣ ኢረሩን አንብቦ ምክንያቱን ማግኘት፣ የሌላ ሰው ኮድ ላይ ሳያበላሽ መጨመርና ቴስት መጻፍ ከቻለ፣ ያንን ቋንቋ ለሥራ ይዞታል ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ቋንቋ ሲመጣ ያው የቀን ስሌት፣ ያው የዕቁብ መዝገብ፣ ያው የባቡር መንገድ እንደገና ይጻፋሉ፤ መልሳቸው የታወቀ ስለሆነም በየጊዜው የሚወስዱት ሰዓት ያጥራል።